ጁባ ቡድኗን በአካል የምታየው መቼ ነው?

ጁላይ 20 ቀን 2024 ለንደን በሚገኘው ኦ2 አዳራሽ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ደቡብ ሱዳን አሜሪካን በአንድ ነጥብ እየመራች ነበር። ስምንት ሰከንድ ሲቀር ሌብሮን ጄምስ ኳሷን ይዞ ወደ ቅርጫቱ ሰንጥቆ ገባና አስቆጠረ፤ ውጤቱም 101 ለ100 ሆነ። ግጥሚያው ለፓሪስ ኦሊምፒክ መሟሟቂያ የተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ነው። ቢሆንም ነፃነቷን ካወጀች ገና አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት አገር፣ የዓለምን ታላላቅ ከዋክብት እስከ 16 ነጥብ በሚደርስ ልዩነት ስትመራ አምሽታ በመጨረሻዋ ቅጽበት መሸነፏ ጁባ ውስጥ እንደ ድል ተቆጠረ። ዓመት ከወር በኋላ፣ በኦገስት 2025፣ ይኸው ቡድን ለአፍሪካ ሻምፒዮናው ለአፍሮ ባስኬት ወደ አንጎላ ሲሄድ ዋንጫውን ያነሣሉ ተብለው ከሚጠበቁት አንዱ ነበር። ዋንጫውን አስተናጋጇ አንጎላ ወሰደች፤ ደቡብ ሱዳን ደግሞ ሜዳሊያ እንኳ ሳታገኝ ተመለሰች። በአንድ ነጥብ የመጣው ሽንፈት አገር ሲያኮራ፣ ይህኛው አንገት አስደፋ። ዛሬ ብራይት ስታርስ ስለሚባለው ስለዚህ ቡድን ሲወራ የሚሰማው ቃል «ቡድኑን እንደ አዲስ መገንባት» የሚል ነው። እኔም መጠየቅ የምፈልገው ግንባታው እስኪያልቅ ድረስ ደጋፊውን በቦታው የሚያቆየው ምንድን ነው የሚለውን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጁባ ደጋፊ የዛሬው ቅዝቃዜ የከበደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መሸነፍን የሚለማመድበት ጊዜ አላገኘም። የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አባል የሆነው በ2013 ነው፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አገሪቱ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ገባች። ለዓመታት ቡድን የሚባል ነገር በወረቀት ላይ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በ2019 የቀድሞው የኤንቢኤ ኮከብ ሉኦል ዴንግ ፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ተረከበ። ቡድኑ በ2021ዱ የአፍሮ ባስኬት ማጣሪያ የገባው እንኳ በኮቪድ ምክንያት መጫወት ያልቻለችውን አልጄሪያን ተክቶ ነው። በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ኪጋሊ ላይ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። ለ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ባደረጋቸው አሥራ ሁለት የማጣሪያ ጨዋታዎች አሥራ አንዱን አሸነፈ። ማኒላ ላይ ቻይናን፣ አስተናጋጇን ፊሊፒንስንና አንጎላን ረትቶ ከአፍሪካ ቡድኖች ሁሉ የተሻለ ውጤት በማምጣት በቀጥታ ለኦሊምፒክ አለፈ። ሊል ከተማ ላይ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ሲያሸንፍ ገና ኦሊምፒክን ማየቱ ነበር። ይህ ሁሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ሆነ። ሌሎች አገሮች በሁለትና በሦስት ትውልድ የሚጓዙትን መንገድ ጁባ በአንድ ትንፋሽ ስለተጓዘች፣ በመካከሉ ሊኖሩ ይገባቸው የነበሩት የሽንፈትና የመልሶ መነሣት ዓመታት ተዘለሉ። አሁን የመጡት እነዚያ የተዘለሉት ዓመታት ናቸው።

ከአንጎላ መልስ የሚሰነዘረው ሐሳብ ብዙ ነው። አንዱ አሠልጣኙን ይቀይሩ ይላል፣ ሌላው ከአውስትራሊያና ከአሜሪካ አዲስ ልጅ ይፈለግ ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ደጋፊው ይታገሥ ይላል። በሦስቱም ውስጥ የተወሰነ እውነት አለ። የማልቀበለው የመጨረሻው የሚቀርብበትን መንገድ ነው። ትዕግሥት ከደጋፊ እንደ ግብር የሚሰበሰብ ነገር ተደርጎ ይታያል፤ የሚሰጠው ደጋፊ ታማኝ፣ የማይሰጠው ከሃዲ ይባላል። እኔ እንደማየው ደጋፊ የሚታገሠው የሚሠራውን ነገር በዓይኑ ሲያይ ነው። አዲስ ታዳጊ ሲሳሳት፣ ሲታረም፣ በሚቀጥለው ወር ሲሻሻል ማየት የቻለ ሰው ለሽንፈት ትርጉም ያገኝለታል። ይህን ማየት ያልቻለ ሰው ግን የሚደርሰው ውጤቱ ብቻ ነው፤ ውጤት ብቻውን ሲመጣ ደግሞ አሸነፍን ወይም ተሸነፍን ከማለት ያለፈ የሚነግረው የለም። ብራይት ስታርስ ጁባ ላይ አንድም የአፍሮ ባስኬትም ሆነ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጫውቶ አያውቅም። የ2023ቱን የዓለም ዋንጫ ትኬት የቆረጠው አሌክሳንድሪያ፣ ግብፅ ውስጥ ነው። የጁባ ደጋፊ ቡድኑን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው፤ በአካል የሚያየው ከድል በኋላ ለአቀባበል ሲመጣ ነው። ስለዚህ ድሉ ሲቀር መገናኛቸውም አብሮ ይቀራል።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከጁባ መውጣት አያስፈልግም፤ የዚያችው ከተማ እግር ኳስ አለ። የእግር ኳሱ ብራይት ስታርስ በመሸነፍ የታወቀ ቡድን ነው። የመጀመሪያ ግጥሚያውን በጁላይ 2012 ጁባ ላይ ከዩጋንዳ ጋር 2 ለ2 ከወጣ በኋላ የመጀመሪያውን ድል ለማግኘት ሦስት ዓመት ጠብቋል፤ ድሉ የመጣው በሴፕቴምበር 2015 ኢኳቶሪያል ጊኒን ጁባ ላይ 1 ለ0 ሲረታ ነው። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከሴኔጋል፣ ከኮንጎ ዲሞክራቲክ፣ ከሱዳን፣ ከቶጎና ከሞሪታንያ ጋር ተደልድሎ የምድቡ መጨረሻ ሆኗል። የታደሰው የጁባ ስታዲየም በጁን 2024 ሱዳንን ባስተናገደበት ቀን ውጤቱ 3 ለ0 ሽንፈት ነበር፤ ለዚያውም ከሌላ ማንም ይልቅ ለማሸነፍ ከሚመኙት ጎረቤት ጋር። በሴፕቴምበር ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካ መጣችና በጭማሪ ሰዓት በተቆጠረ ግብ 3 ለ2 አሸንፋ ሄደች፤ በዚያ ቀን ስታዲየሙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በኖቬምበር ኮንጎ ብራዛቪል መጥታ ጁባ ላይ 3 ለ2 ተሸነፈች። ልብ ማለት የሚገባው ቅደም ተከተሉን ነው። ሰው በ3 ለ0 ሽንፈት ማግስት ሜዳውን አልተወም፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ ከተነጠቀ በኋላም አልተወም፤ ስለዚህ የኮንጎው ድል ሲመጣ የዓይን ምስክር ነበረው። ያ ድል ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ አላሳለፈውም። ደጋፊው ግን የተሸነፈውንም ያሸነፈውንም ቡድን በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስላየው፣ ሁለቱ አንድ ቡድን መሆናቸውን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ከሌላው አቅጣጫ ያውቀዋል። ዋሊያዎቹ በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ካነሡ በኋላ የነበረው ታሪክ በአብዛኛው የመጠበቅ ታሪክ ነው፤ ከ1982 እስከ 2013 ድረስ ለሠላሳ አንድ ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቀዋል። በእነዚያ ዓመታት ግን የአዲስ አበባ ስታዲየም በጥላ ፎቁም በካታንጋም ሰው አጥቶ አያውቅም። በሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ ጥሎ ለደቡብ አፍሪካው ውድድር ሲያልፍ ከተማው የሆነውን የሚያስታውስ ሁሉ፣ ያ ደስታ በሠላሳ አንድ ዓመት ምልልስ የተጠራቀመ እንደነበር ይረዳል። ከ2021 ማብቂያ ወዲህ ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችንን ደረጃ አያሟሉም ብሎ በመዝጋቱ «የሜዳችን ጨዋታ» የሚባለው በሰው አገር ሆነ። በጁን 2022 ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ0 ያሸነፈችው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ከዘመኑ ታላላቅ ድሎች አንዱ የሆነው ያ ጨዋታ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላይ ተደርጎ ቢሆን ምን ይመስል እንደነበር መገመት ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሽንፈቶች እንደ በፊቱ ንዴት እንኳ አለመቀስቀሳቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል፤ ደጋፊው ከተቆጣበት ጊዜ ይልቅ ዝም ያለበት ጊዜ ለቡድን አደገኛ ነው። ጁባ ውስጥ በየሆቴሉና በየምግብ ቤቱ የሚሠሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ይህን ስሜት ከአስተናጋጆቻቸው ጋር ይጋሩታል፤ ሁለቱም ብሔራዊ ቡድናቸውን በስክሪን የሚከታተሉ ሕዝቦች ሆነዋል።

«ቡድን እንደ አዲስ መገንባት» የሚለው አነጋገር ወደ ደቡብ ሱዳን የመጣው ከአሜሪካው ሊግ ስለሆነ እዚያ ምን ማለት እንደሆነ መመልከት ይጠቅማል፤ ሉኦል ዴንግም የዚያ ሥርዓት ልጅ ነው። ማይክል ጆርዳን በ1998 ከለቀቀ በኋላ ቺካጎ ቡልስ ለስድስት ተከታታይ ዓመታት ለዋንጫ ጨዋታዎች አላለፈም። ዴንግ በ2004 ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት ሰባተኛ ተመርጦ ሲመጣ ቡድኑ ባለፈው ወቅት 23 አሸንፎ 59 የተሸነፈ ነበር። የዴንግ የመጀመሪያ ወቅትም በዘጠኝ ተከታታይ ሽንፈት ተከፈተ፤ የተጠናቀቀው ግን በ47 ድልና በ35 ሽንፈት፣ ለዋንጫ ጨዋታዎች በማለፍ ነው። ከዚህም የከፋ አለ። ፊላዴልፊያ ከ2013 ጀምሮ በሦስት ወቅቶች 19፣ 18 እና 10 ጨዋታ ብቻ አሸንፏል፤ ዲትሮይት በ2023–24 በአንድ ወቅት 28 ጊዜ በተከታታይ ተሸንፎ በሚቀጥለው ዓመት ከተሸነፈው ይልቅ ያሸነፈው በዝቶ ለዋንጫ ጨዋታዎች አልፏል። እዚያ መሸነፍ የሚቻለው ሥርዓቱ ለተሸናፊ ስለሚከፍል ነው። በመጨረሻ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ቡድን ከሚመጡት ወጣቶች ምርጡን የማግኘት ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ፊላዴልፊያ ካሜሩናዊውን ጆኤል ኤምቢድን ያገኘው በዚያ መንገድ ነው። የእነዚያ ከተሞች ደጋፊም ቢከፋው እንኳ የሚጠብቀው ቀን አለው፤ በየዓመቱ ጁን ላይ ድራፍት አለ።

ብሔራዊ ቡድን ድራፍት የለውም። ደቡብ ሱዳን በአንድ ውድድር ብትሸነፍ ሰባት ጫማ የሚረዝም ቀጣይ ልጅ ማንም አያመጣላትም፤ የምታገኘው ዝቅ ያለ ደረጃና የከበደ ምድብ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ የተወሰደውን ቃል ይዞ «ዛሬ እንሸነፍ፣ ነገ እናሸንፋለን» ማለት አይሠራም። ሽንፈት ለብሔራዊ ቡድን ዋጋ የሚኖረው ከሥር የሚመጣ ሲኖር ብቻ ነው፤ ከሥር የሚመጣው ደግሞ የሚያድገው ሜዳ ላይ ነው። ደቡብ ሱዳን ለፓሪስ ስታልፍ በመላ አገሪቱ አንድም ጣሪያ ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ አልነበራትም። ዴንግ ራሱ ይህን ደጋግሞ ለዓለም ተናግሯል፤ ቡድኑ ለኦሊምፒክ የተዘጋጀውም ሩዋንዳ ውስጥ ነው።

ጣሪያ የሌለው ሜዳ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ኒምራ ታላታን ማየት ይበቃል። ይህ የጁባ ቅርጫት ኳስ ማዕከል ነው፤ የከተማው ክለቦች የሚጋጠሙበት፣ ታዳጊው ተራ የሚጠብቅበት፣ ከድል በኋላ የሚጨፈርበት። ሜዳው ግን ለሰማይ ክፍት ነው። የጁባ ዝናብ በኤፕሪል ገብቶ እስከ ኦክቶበር ማብቂያ ይዘልቃል፤ ሲዘንብ ወለሉ ያንሸራትታል፣ የተጀመረ ጨዋታ ይቋረጣል፣ የተቀጠረው ልምምድ ይሰረዛል። ደረቁ ወራት ሲመጣ ደግሞ ፀሐዩ አለ። መንግሥት በማርች 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ተብሎ በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ በፌብሯሪ 2025 ደግሞ ጁባ ውስጥ ተማሪዎች ራሳቸውን እየሳቱ በመውደቃቸው ለሁለት ሳምንት ዳግም ተዘጉ። ልጆች ክፍል ውስጥ መቀመጥ ባልቻሉበት ሙቀት ሲሚንቶ ላይ የሚሮጥ ታዳጊ በቀን ስንት ሰዓት ሊለማመድ ይችላል? ጠዋት ማልዶና ወደ ማታ ብቻ ነው፤ ማታ ደግሞ መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱም ብዙ ጊዜ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩም ነዳጅ። እንዲህ ሲቆራረጥ የሚውል ልምምድ የሰውነት ጉልበት ሊያዳብር ይችላል፤ የውርወራ ትክክለኛነትን ግን አያሳድግም። ከሦስት ነጥብ መስመር የሚወረወር ኳስ ነፋስ በሌለበት፣ ወለሉ እኩል በሆነበት፣ በየቀኑ በመቶዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ የሚመጣ ሙያ ነው። ደቡብ ሱዳን ረጃጅሞችን ለዓለም ሰጥታለች፤ ከቀድሞው የኤንቢኤ ተጫዋች ከማኑት ቦል ጀምሮ ይታወቃል። ጁባ ውስጥ ሊያድግ ያልቻለው ወርዋሪው ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አቅልዬ አላየውም። የመንግሥት ሠራተኛ ለወራት ደመወዝ ሳያገኝ በሚቆይባት፣ በፌብሯሪ 2024 በሱዳን በኩል የሚያልፈው የነዳጅ ቧንቧ ከተበላሸ ወዲህ ገቢዋ በተመታባት፣ ጎርፍና ረሃብ በየዓመቱ በሚመላለሱባት አገር ስለ ቅርጫት ኳስ አዳራሽ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ የሚወሰነው ምን ዓይነት አዳራሽ እንደሚታሰብ ነው። አሥር ሺህ ሰው የሚይዝ፣ በመስታወት የሚያብረቀርቅ፣ በየከተማው መግቢያ ላይ በቢልቦርድ የሚታይ ሕንፃ ማለም ከሆነ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ፤ እንዲህ ያለው ሕልም አብዛኛውን ጊዜ በመሠረት ድንጋይ ይቀራል። የሚያስፈልገው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ጣሪያ፣ ጎኑ ለአየር ክፍት የሆነ፣ ደህና ወለል፣ መብራት፣ ጥቂት መቶ ሰው የሚያስቀምጥ ደረጃ። ከዓመት ዓመት ቡድኑን በሰው አገር ለማሰንበት፣ ለሆቴል፣ ለተከራዩት ጂምናዚየም የሚወጣ ገንዘብ አለ፤ ገንዘቡ ወጥቶ ሲያበቃ ጁባ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። በተጨማሪም ድህነት ስፖርትን ከሥሩ ማስቀረት ቢችል ኖሮ ማኒላም ፓሪስም ባልተደረሰ ነበር። ሰዎቹ በድህነቱ ውስጥ ሆነው ጨዋታውን መርጠዋል፤ ጥያቄው የመረጡትን በምን ሁኔታ ይጫወቱት የሚለው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ በውጤት የተደገፈ ስለሆነ። ይህን ሁሉ ያመጡት በውጭ ያደጉ ልጆች ናቸው፣ ጁባ ላይ የሚሠራ ሜዳ ኮከብ አያፈራም ይላል። እውነት ነው፣ የኦሊምፒኩ ቡድን ዝርዝር የስደት ካርታ ነው። ዌንየን ገብርኤል የተወለደው ካርቱም ነው፤ ማሪያል ሻዮክ የካናዳ ልጅ ነው፤ ከአውስትራሊያ ሊግ የመጡት ብዙ ናቸው። የ2023ቱ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ምርጥ ተጫዋች ኑኒ ኦሞት በጋምቤላም በደቡብ ሱዳንም ከሚኖረው ከአኝዋ ሕዝብ የተገኘ ነው፤ እናቱ ከኢትዮጵያ ጦርነት ሸሽታ ኬንያ ገብታ እሱም የተወለደው እዚያ ነው። ካርሊክ ጆንስ ደግሞ ተወላጅ ሳይሆን ዜግነት ተሰጥቶት የተጫወተ አሜሪካዊ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ዝርዝር ሌላም ነገር ይናገራል። አብዛኞቹ የውጭ ልጆች የወጡት ከጦርነት በመሸሽ ነው፤ ማንም አገር ደግሞ የቡድኑን መጪ ዘመን በሚቀጥለው ስደት ላይ አይመሠርትም። ካማን ማሉዋችን እንውሰድ። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ሩምቤክ ተወልዶ፣ ዩጋንዳ አድጎ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜው ካምፓላ ላይ ኳስ ጀምሮ፣ ሴኔጋል በሚገኘው የኤንቢኤ አካዳሚ ሠልጥኖ፣ ፓሪስ ላይ ገና በ17 ዓመቱ ተሰልፎ፣ በጁን 2025 ድራፍት አሥረኛ ተመርጧል። እጅግ የሚያስደስት ታሪክ ነው። ቢሆንም ከሩምቤክ እስከ አሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ በተጓዘበት መንገድ ላይ ጁባ የለችም። ልጁ የተገኘው ዩጋንዳ ውስጥ ባለ ሜዳ፣ የተቀረፀው ሴኔጋል ውስጥ ባለ አዳራሽ ነው፤ ያንኑ ያህል ቁመትና ልብ ይዞ ሩምቤክ የቀረውን እኩያውን የሚያይ ዓይን አልነበረም።

የውጭው መንገድ አስተማማኝ አለመሆኑም ታይቷል። በኤፕሪል 2025 የአሜሪካ መንግሥት የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙ ሰዎችን ቪዛ በሙሉ ሰረዘ። ያን ቀን ማሉዋች ከዱክ ጋር በአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮና የመጨረሻዎቹ አራት ውስጥ ገብቶ ይጫወት ነበር፤ ዓለም ሁሉ ስለ እሱ ጠየቀ። ስለ ሌሎቹ፣ ስማቸው ስላልታወቀውና በየትምህርት ቤቱ ነፃ ዕድል አግኝተው ሊሄዱ ሻንጣቸውን ስላዘጋጁት ታዳጊዎች የጠየቀ ጥቂት ነው። በአንድ ፊርማ የሚዘጋ በር ላይ ብቻ የቆመ ተተኪ፣ ተተኪ አይባልም። የውጭው ልጅ ይምጣ፣ እሰየው። አጠገቡ የሚቀመጥ የጁባ፣ የዋው፣ የማላካል ልጅ ግን ሊኖር ይገባል፤ ደጋፊው ደግሞ ያንን ልጅ ኒምራ ታላታ ላይ ሲያድግ ስላየው በአንጎላ ሲሳሳት ይቅር የሚልበት ምክንያት ይኖረዋል።

ስለ ሉኦል ዴንግ መናገር ይከብዳል፤ የተደረገው ነገር ሁሉ ያለ እሱ ይሆን ነበር ብሎ የሚያምን የለም። ለአውሮፕላን፣ ለሆቴል፣ ለልምምድ ቦታ ከራሱ ኪስ አውጥቷል፤ የኤንቢኤ ረዳት አሠልጣኝ የነበረውን ሮያል አይቪን አምጥቷል፤ ስሙን አይቶ የመጣ ተጫዋች ብዙ ነው። ምስጋናው ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ፌዴሬሽን በአንድ ሰው ልግስና ላይ ሲቆም ደጋፊው የመጠየቅ መብቱን ያጣል፤ ከራሱ ለሚከፍል ሰው «ገንዘቡ የት ገባ፣ ሊጉ መቼ ይጀመራል» ማለት ነውር ይመስላል። ጥያቄ ያልተለመደበት ግንባታ ደግሞ ሰውየው የደከመው ቀን ይቆማል። ዴንግን የሚወዱ ሰዎች ሊያደርጉለት የሚችሉት ትልቁ ነገር መንግሥት ድርሻውን እንዲወስድ መጠየቅ ነው። ሴቶቹ ያሳዩትም ይህን ያበረታታል። በዚያው በ2025 ክረምት፣ ወንዶቹ ወደ አንጎላ ከመሄዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የደቡብ ሱዳን ሴቶች ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለበት የሴቶች አፍሮ ባስኬት አቢጃን ላይ የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቷል። ስለ ወንዶቹ ሽንፈት የተወራውን ያህል ስለዚህ ሜዳሊያ አልተወራም፤ ይህ ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ። አገሪቱ ያላት ቅርጫት ኳስ የአንድ ወርቃማ ትውልድ ወንዶች ብቻ አለመሆኑን ያረጋገጡት እነሱ ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚነገር ሌላ ነገር አለ፤ ይህ ቡድን ሕዝቡን አንድ አደረገ የሚል። ሊል ላይ ከፖርቶ ሪኮ ጋር ሊጫወቱ ሲሰለፉ በስሕተት የሱዳን መዝሙር የተዘመረ ጊዜ፣ ተጫዋቾቹ ፀንተው ቆመው ትክክለኛው እስኪመጣ ሲጠብቁ፣ አንድነቱ ያልተሰማው ደቡብ ሱዳናዊ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በድል ቀን የሚመጣ አንድነት ግን ርካሽ ነው፤ ሁሉም ከአሸናፊ ጋር መቆም ይፈልጋል። ፈተናው በሽንፈት ቀን ነው። በማርች 2025 በወቅቱ አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሪክ ማቻር በቤታቸው የቁም እስረኛ ከተደረጉ ወዲህ ፖለቲካው ዳግም በተካረረባት አገር፣ የተሸነፈ ቡድን አሰላለፍ «የማን ወገን ለምን ተመረጠ» በሚል ዓይን መታየት ሊጀምር ይችላል። ይህን የሚከላከለው ንግግር አይደለም። ከጁባ ሰፈሮች፣ ከጉዴሌም ከሙኑኪም ከጉምቦም የመጣ ደጋፊ ልጆቹ በምን ብቃት እንደተመረጡ በሊግ ጨዋታ በዓይኑ ማየት ሲችል ነው ሐሜት ቦታ የሚያጣው። ምርጫው በሌላ አህጉር፣ በተዘጋ አዳራሽ ሲካሄድ ግን ትክክለኛ ቢሆን እንኳ አሳማኝ አይሆንም።

ቀጣዩ የዓለም ዋንጫ በ2027 ኳታር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ደጋፊው ከፌዴሬሽኑና ከስፖርት ሚኒስቴሩ ሊጠይቃቸው የሚችላቸው ነገሮች ሊለኩ የሚችሉ ናቸው። ሊጉ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ የሚናገር፣ ዝናቡን ያገናዘበ ፕሮግራም ወቅቱ ሳይገባ ይውጣ። ብሔራዊ ቡድኑ ወደ ውጭ ከመብረሩ በፊት ጁባ ላይ ለጥቂት ቀናት ይለማመድ፤ በሩ ለሕዝብ ይከፈት፣ ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆንም ለቀላል ልምምድና ከታዳጊዎች ጋር ለመገናኘት ይበቃል። ከአገር ውስጥ ሊግ የተመረጡ ሁለትና ሦስት ወጣቶች በየማጣሪያው አብረው ይጓዙ፤ ባይሰለፉ እንኳ ተመልሰው ያዩትን ለክለባቸው ያስተምራሉ። በ2022 ካይሮ ላይ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን በመቀላቀል የመጀመሪያው የደቡብ ሱዳን ክለብ የሆነው ኮብራ ስፖርት ወደ ፍጻሜው ዙር ሳያልፍ ቢመለስም፣ የአገር ውስጥ ክለብ እዚያ ደረጃ ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ ለምን እንደጠበበ ፌዴሬሽኑ ሊያስረዳ ይገባል። የጣሪያው ነገርም በቃል ሳይሆን በቦታ፣ በበጀትና በቀን ይነገር። ቡድኑ እስከ ዓለም ዋንጫው ድረስ ሊሸነፍ ይችላል፤ ግብፅም ናይጄሪያም አንጎላም አርፈው አልተቀመጡም። የኒምራ ታላታ ደጋፊ ግን 3 ለ0 ካየ በኋላ ወደ ጁባ ስታዲየም የተመለሰው ያው ሰው ነው፤ የሚመለስበት ሜዳ ብቻ ይሰጠው።